የእማማ አማረች ውርርድ

እማማ አማረች በደብረ ታቦሩ ክሊኒክ፣ ማዳመጫው ጆሯቸው ላይ እንደተደፋ፣ እጃቸውን ለአምስተኛ ጊዜ አነሡ። የልጅ ልጃቸው የምስራች፣ ዩኒቨርሲቲ የጆሮ ምርመራ የምትማረዋ፣ የድምፁን ቁልፍ በነካች ቁጥር ያነሣሉ። ውርርዳቸው ነበር፤ እሳቸው ዐሥሩንም ድምፅ ከሰሙ፣ እሷ ትምህርቱን ትታ አገሯ ትገባለች።

«አየሽ? የሰው ጆሮ ልትጎረጉሪ አራት ዓመት ተጎልተሽ! ሐኪም እንዳልልሽ መርፌ አትወጊ። በይ ጓዝሽን ሸክፊ!»

የምስራች ተነሥታ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

«ደግሞ እንደ ጥፋተኛ ፊቴን ታዞሪኝ ጀመር? ይሁን፣ ምን ቸገረኝ!»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሰናድተው ጠበቁ። አንዲት ዝንብ ከግድግዳው ግርጌ ተነሥታ እየዳኸች ጣሪያው ድረስ ወጣች። ድምፅ የለም።

«ፈራሽ አይደል? ንኪው እንጂ! ምን ይዞሻል?»

ልጅቱ ዞራ ፊታቸው ቆመች። ማዳመጫውን ቀስ አድርጋ አወለቀችላቸው።

«እማማ፣ ጨርሻለሁ እኮ። ዐሥሩንም ለቀቅሁት።»

እማማ አማረች ከንፈሯን አዩ፤ ከዚያ እጃቸውን አዩ። ከጉልበታቸው አልተነሣም ነበር።

«አንቺ ሌባ» አሉ፣ «ፊትሽን ደብቀሽኝ እንዴት ብዬ ልስማ?»