ጭቃ በል ቀንድ አውጣ

«ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመት!» አለች ጆስሊን ከጉድጓዱ ውስጥ፣ የጥንት ማዕበል ያመጣውን የነጭ አሸዋ መስመር በጣቷ እየጠነቆለች። «የስምንት ዛጎል ዕድሜ አስመርምሬ ስምንቱም ያንኑ ተናገሩ።»

«አምስት መቶ ስልሳ!» አለ ኮሊን ከአፋፉ ላይ። «ያው ማዕበል የጣለው ግንድ ቀለበቱ አንድ በአንድ ተቆጥሯል። ዛፍ አይዋሽም።»

«ዛጎልንስ ውሸት ማን አስተማረው?»

ሪፔካ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም ጭንቅላት ለጭንቅላት ብታጋጫቸው በወደደች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! እሱ የዛፍ ሰው፣ እሷ የዛጎል ሰው፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ አያነብም። ነገ ደግሞ ካውንስሉ ይሰበሰባል። ባለሙያዎቹ ካልተስማሙ የሕፃናቱ ትምህርት ቤት እዚሁ ባሕር ዳር ሜዳው ላይ ይሠራል፣ ከተስማሙ ኮረብታው ላይ ይወጣል ተብሏል። አራቱ የልጅ ልጆቿ የሚማሩት እዚያ ነው።

«አክስቴ ሪፔካ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ጆስሊን ቀና ብላ፣ «በኔ ቁጥር ከሄድን ማዕበሉ የመጣው ሰው ኒው ዚላንድን ሳይረግጥ ነው። የአያቶችዎ ታሪክ ስለ ሌላ ነገር ይሆናል።»

ሪፔካን አንገበገባት። ማኦሪ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ዘሩን እንዲሁ በግምት አይቆጥርም። ማዕበሉን በዓይኗ እስካየችው ቅድመ አያቷ ድረስ ሃያ ሦስት ትውልድ ስም በስም ታውቃለች። አሁን አፏን ብትከፍት ክፉ ቃል ሊወጣት ሆነ። እጇን ሥራ ለማስያዝ ያህል አጠገቧ ካለው የዛጎል ሳህን አንዱን አነሳች፤ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ጫፉ ሹል።

«ያስመረመርሽው ይሄን ነው?»

«አዎ፣ በብዛት ያለው እሱ ነው።»

«ቲቲኮ? አንቺ ልጅ! ይሄ እኮ ጭቃ በል ቀንድ አውጣ ነው! አርባ ዓመት ለቅሜዋለሁ። ሁለት ቀን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ካላሳደርሽው አፍሽ ውስጥ የሚንኮሻኮሸው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ወንዙ ከዚያ ማዶ ካለው የኖራ ድንጋይ ተራራ ጠርጎ ያመጣዋል። ፒፒ የሚባለውን ዛጎል ብትዪኝ ደግሞ እሱ ጨዋ ነው፣ የባሕር ውሃ ጠጥቶ ያድራል።»

ጆስሊን እዚያው ጭቃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ድንጋዩ ጥንታዊ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እሱን የበላ ዛጎል ላብራቶሪ ሲገባ ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል። ወይኔ! ምኑን ነው የመረመርኩት?»

«ፒፒ አላስመረመርሽም?» አለ ኮሊን። አልጮኸም።

«አንድ ብቻ። ከስምንቱ ጋር አልገጥም ሲለኝ ከላይኛው አፈር የወደቀ መስሎኝ ጣልኩት።»

«ስንት አለ?»

ደብተሯን ገልጣ አየች። «አምስት መቶ ሰባ። ሠላሳ ቢጨምር ቢቀንስ ነው።»

ኮሊን ለሱሪው ሳይሳሳ ጉድጓዱ ውስጥ ዘሎ ወረደ። በጆስሊን ይስቅባታል ብላ ሪፔካ ስትጠብቅ ፊቱ ቀልቶ ወደ ራሷ ወደ ሪፔካ ዞረ። «እኔም ከርሷ አልሻልም፣ አክስቴ። የነገሩኝን ቆጠራ ተረት ነው ብዬ ከጽሑፌ አውጥቼዋለሁ። ከሃያ ሦስቱ ትውልድ አንዱን ሃያ አምስት ዓመት ብንለው...»

«አምስት መቶ ሰባ አምስት» አለች ጆስሊን ፈጥና።

ሦስቱም ነጩን መስመር አዩት። ሪፔካ እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

ጆስሊን ከደብተሯ ገጽ ገንጥላ ለካውንስሉ መጻፍ ጀመረች። ከላይ «አንድ ማዕበል» ብላ አሰፈረች። ከሥሩ የኮሊንን ግንድ፣ ቀጥላ ፒፒውን ጻፈችና እስክሪብቶዋን አቆመች።

«ሦስተኛዋ ምስክር፣ ማዕበሉን ያየችው ቅድመ አያትዎ፣ ስሟ ማን ነበር?»

«ልጆቹን ይዛ ኮረብታው ላይ የወጣችው?»

«እሷ።»

«ሂኔማራ» አለች ሪፔካ፣ ከባሕር ዳር ሰው ለእራት እንደሚጠራ ሁሉ ጮክ ብላ።