ዝገቱን ላስለቅቀው

ሰይፉ ተበላሽቷል። ሚስቱ እጀታውን አውልቃ፣ ከሥሩ ያለውን ብረት በሎሚና በአሸዋ ፈግፍጋ አዲስ ማንኪያ አስመስላዋለች።

«ምን አደረግሽ?» አለ። ጥንታዊ የጃፓን ሰይፍ መሰብሰብ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ እጁ ገብቶ አያውቅም። «ዕድሜው የሚታወቀው በዚያ ዝገት ነው፤ አይነካም ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ?»

«መቶ ጊዜ።»

«ታዲያ ረስተሽው ነው?»

«ኧረ አልረሳሁም።»

ሰይፉን አነሳች። ጃፓኖች ሰይፍ ሲያቀብሉ ስለቱን ወደ ራሳቸው እንደሚያዞሩ ያስተማራት እሱ ነበር። እሷ ግን ስለቱን ወደ እሱ አዙራ ዘረጋችለት። ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አንቺ ሴትዮ አብደሻል? ይህን ለማግኘት ስንት ነገር እንዳጣሁ ታውቂያለሽ?»

«ዛሬ አወቅኩ። ሰይፉን የሰጠህ ሰውዬ ሊያመሰግንህ ደውሎ ነበር። በአባቴ ጎራዴ ነው የለወጥከው።»

ዓይኑ ሳያስበው ግድግዳው ላይ ወዳለው ባዶ ምስማር ሄደ። ጎራዴውን ከዚያ ሲያወርደው «ዝገቱን ላስለቅቀው» ብሏት ነበር።

«እሱ እኮ...» አለ። «እሱ እኮ የዛገ ብረት ነው።»

ሰይፉን ጠረጴዛው ላይ፣ ከተጨመቀው ሎሚ አጠገብ አስቀመጠችው። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።