ዜሮ ባይት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና አንድ ነገር ላውጋችሁ። ቡታጅራ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግነው ኢዮብ፣ ሳሌሃ ያመጣችውን ሜሞሪ ካርድ ሰካ። ካርዱ ላይ ሟች አባቷ የበርበሬ ማሳቸውን ለእሷና ለወንድሟ የተናዘዙበት ድምፅ አለ። አጎቷ ማሳው የእኔ ነው ስላለ፣ ሽማግሌዎች ከሰዓት ሊሰሙት ቀጠሮ ይዘዋል፤ ድምፁ ግን አልከፈት ብሏል።

"አይዞሽ እህቴ፣ ሌላው ፕሮግራም ዝባዝንኬ ያበዛል" አላት ኢዮብ። "እኔ የጻፍኳት ክላስ ትንሽ የፕሮግራም ቁራጭ ናት፤ ፋይሉን በቀጥታ ከፍታ ባይት በባይት ታነባለች።" መጀመሪያ ቅጂ ማስቀረት ነበረበት፤ አላስቀረም። ችሎታው እንዲታይለት ፈልጎ፣ ዓይኑን ሳሌሃ ላይ እንደተከለ፣ "ለማንበብ ክፈቺ" በማለት ፈንታ "ለመጻፍ ክፈቺ" ብሎ ክላሲቱን አዘዛት። ያቺ ክላስ ያዘዟትን ትፈጽማለች እንጂ "እርግጠኛ ነህ ወይ?" ብላ አትጠይቅም። ለመጻፍ ስትከፍተው በፋይሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ተጠረገ። ስክሪኑ ላይ "ዜሮ ባይት" የሚል ወጣ።

ኢዮብ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሲመጣም ባዶ ነበር። ማን ጋ ነው የቆየው?"

"ወንድሜ ጋ።"

"እንግዲያ እሱን ጠይቂዋ!"

ወንድሟ በረንዳው ላይ ነበር። "አልሐምዱሊላህ፣ ተከፈተ?" እያለ ተነሳ። ሳሌሃ ፊቱ ላይ ተፋችበት። "የአባባን ድምፅ ለአጎታችን ሸጥከው!" ኢዮብ በመስኮቱ መስታወት እያየ ካርዱን ነቀለና በንጹሕ ወረቀት ጠቀለለው።

ያን ወንድሟን አደራ አስታውሱልኝ፤ ካርዱን ሁለት ዓመት ሙሉ በክር አንገቱ ላይ አስሮ ያቆየው እሱ ነበር።