ዙሩ ከተዘጋ በኋላ

ስንዱ የምትፈትሸው ኮምፓይለር፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ለኮምፒውተሩ የሚተረጉመው ሶፍትዌር፣ «የሚደጋገመውን ዙር አቋርጥ» የሚል የፎርትራን ፕሮግራም ቋንቋ ትእዛዝ ከዙሩ ውጭ ተጽፎ ካገኘ ስህተት ነው ማለት አለበት። መፈተኛዎቹን ሁሉ አልፎ፣ አለቃዋ ዶክተር ይርጋ በወጣትነታቸው የጻፉትን ፕሮግራም ግን ሦስት ቀን ሙሉ አልቀበልም አላት።

«ሃያ ዓመት የሠራ ፕሮግራም ነው!» ብለው ጮኹባት። «የተበላሸው ኮምፓይለርሽ ነው፤ አስተካክይው!»

ኮምፓይለሩን ደጋግማ በረበረችው፤ እንከን አጣችበት። በብስጭት የእሳቸውን ፕሮግራም አትማ መስመር በመስመር አነበበችው። ትእዛዙ የተጻፈው ዙሩ ከተዘጋ በኋላ ነበር፤ የድሮው ኮምፓይለር ዝም ብሎ ሲያልፈው፣ ስሌቱም መቆም ባለበት ቦታ ሳይቆም የተሳሳተ ውጤት ሲሰጥ ኖሯል።

ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋችላቸው። ዶክተር ይርጋ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩበት። ከዚያ ስልኩን አነሱ።

«እኔ በዚህ ፕሮግራም ያሰላሁት ግድብ ሥር የሚኖሩትን ሰዎች ዛሬውኑ አስነሷቸው» አሉ።