የዘይት ቤቱ ምስክር

የዘይት ቤቱ በር ከውስጥ ተቀረቀረ። ወንፊት ገና «ነፍስ ይማር» ብሎ ሳይጨርስ የመካኒኩ ቡጢ አፉ ላይ አረፈ።

ወንፊት ያሉት ሥራው ማጣራት ስለሆነ ነው። የተርባይኑን ዘይት ከውሃና ከቆሻሻ እያጠራ ይመልሳል። የእንፋሎቱን ቫልቭ የሚዘጋው ያ ዘይት ነው፤ ከቆሸሸ ቫልቩ ነክሶ ይቀራል፣ አልዘጋም ይላል፣ ተርባይኑም እስኪበታተን ይከንፋል። ከትናንት ወዲያ የሆነው ይኸው ነው። ብረቱ ተፈንጥሮ የፈረቃውን አለቃ ለሁለት ቆረጠው።

መካኒኩ የአለቃው ታናሽ ወንድም ነው። ፈረቃውን የተረከበውም እሱ ነው። ጠዋት ወንድሙን ቀብሮ፣ አፈሩን ከጫማው ሳያራግፍ መጣ።

«እዚህ ማን ገባ? ማንን አየህ?»

«ማንንም! ልጆቼን ይንሳኝ! ውሃ ሰርጎበት ይሆናል ወንድምዬ፣ የዘይት ታንከሩ ከአደጋው ወዲህ ገና አልተከፈተም፣ በምን ይታወቃል?»

«የምን ውሃ! አሸዋ ነው!» ጎኑን በጫማው አለው። የጎድን አጥንቱ ቋ አለ።

እውነቱን ለመናገር፣ ወንፊት ያን ቀን ማንንም አላየም። እንቅልፍ ጥሎት ነበር። እሱን ቢናገር ደግሞ አለቀለት፤ ወንድሙን የቀበረ ሰው «ተኝቼ ነበር» ሲሉት ዝም ይላል እንዴ?

መካኒኩ ፀጉሩን ጨምድዶ ግንባሩን ከታንከሩ ጋር አላተመው። ደም ዓይኑን ጋረደው።

«ማንን አየህ? ተናገር፣ አለዚያ እዚሁ ትቀራለህ!»

እናንተዬ፣ እንዲህ የሚቀጠቀጥ ሰው ምን የማይለው አለ? ወንፊት ፈራ፣ ክፉኛ ፈራ። ይህ ሰው የሚፈልገው የወንድሙን ገዳይ ነው፤ ገዳይ ከሰጠሁት ይለቀኛል ብሎ አሰበ።

«አየሁ!» ብሎ ጮኸ። «አይቻለሁ! ታንከሩ ላይ ጎንበስ ብሎ አሸዋ ሲደፋ! ፈርቼ ነው የደበቅኩት!»

የመካኒኩ እጅ ላላ።

«ብታገኘው ትለየዋለህ?» ድምፁ ለስለስ አለ።

«በደንብ እንጂ! ፖሊስ ፊትም እናገራለሁ።» ተመስገን፣ አለ በልቡ፤ ዛሬ ልጆቼ ጋ እገባለሁ።

መካኒኩ ትልቁን መፍቻ ከወለሉ አነሳ።

«ያን ቀን ዘወር ብዬ ማየት ነበረብኝ» አለው።