የደረት ቀበቶው

በዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ቃል ብጨምር ምላሴ ይቆረጥ!

የልብ ምት መለኪያ ልመርጥ ሱቅ ስገባ የሚስቴ ወንድም ተከትሎኝ ገባ። የብስክሌትና የሩጫ ቡድናችን አለቃ ነው፤ ዓይኔን ማየት አይወድም።

"አያ ጉረኛ፣ እስቲ እዚሁ ሩጥ! ልብህ ከተንደፋደፈ ከቡድኑ ወጥተሃል" አለኝ።

"በእጅ የሚታሰረው ብስክሌት ላይ ይሳሳታል" አለች ሻጯ። ስለዚህ የደረቱን ቀበቶ መርጬ፣ አጥብቄ አሰርኩና መሮጫ ማሽኑ ላይ ወጣሁ። ማሽኑ እስኪጨስ፣ ጣሪያው እስኪርገበገብ ሮጥኩ። ቀበቶው ምቱን የሚልክበት ሰዓት እጄ ላይ ነበር፤ ቁጥሩ ስልሳ ላይ ቁጭ! የተኛ ሕፃን በሉት።

"ልብ ማለት ይሄ ነው!" አልኩት ከማሽኑ ወርጄ ሰዓቱን እያሳየሁት።

"ሲፈነዳ ሬሳህን አላነሳም!" ብሎ ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው።

ያኔ ቁጥሩ ሽቅብ ተተኮሰ።

"ሮጠህ ያልደነገጥክ ቆመህ ትርዳለህ?" ብሎ ሳቀብኝ።

"እኔ? እኔ እንኳን ላንተ…"

ሻጯ እጅጌዬን ያዝ አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ማሽኑ ላይ ሳይወጡ ቀበቶው ጠበበኝ ብለው መለሱልኝ እኮ" አለችኝ። "ያሰርኩት መስኮቱ ጋ ላለው ለልብስ ማሳያው ለፕላስቲኩ ሰውዬ ነው፤ የደነገጠው እሱ ነው።"