የቤተሰብ ታሪክ

ወጣቷ ዶክተር ለምርመራ የመጣችውን ሴት ከቤተሰቧ በጡት ካንሰር የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቀቻት።

«እናቴ» አለች ሴትየዋ። «በአርባ ሁለት ዓመቷ ሞተች። እኔም ዘንድሮ አርባ ሁለት ሞላኝ።»

ዶክተሯ ካርዱ ላይ «እናት» ብላ ጻፈች። ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጠች ስለሆነች በየዓመቱ የጡት ራጅ መነሳት እንዳለባት ነገረቻት።

ከሴትየዋ ጋር የመጡት አክስቷ እትዬ የሺመቤት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሱን ሰርዢው ልጄ። ይቺ የጡት ልጅ ናት።»

«ሁላችንም ጡት ጠብተን ነው ያደግነው፣ እማማ» አለች ዶክተሯ።

«እህቴ ወልዳ አታውቅም። የሰው ልጅ ወስዳ፣ ጡቷን ማር ቀብታ አጥብታ ነው ልጄ ያለቻት።»



«እንግዲያው ጥሩ ዜና ነው» አለች ዶክተሯ፤ ልትሰርዝም እስክሪብቶዋን አነሳች።

ሴትየዋ መዳፏን ካርዱ ላይ አሳረፈች።

«አይሰረዝም» አለች።